የእናቴ ሳንቃ

የአጎቴ ልጅ ወልቂጤ ከተማ፣ ግቢው ውስጥ ባለው ጋራዥ፣ አዲስ የገዛውን የሞተር ብስክሌት ማንሻ ጠረጴዛ አሳየኝ። ሲረግጠው ሞተሩ ወደ ላይ ወጣ። የቤንዚኑ ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ቡታጅራ መለሰኝ።

በጃንሆይ ዘመን አባቱ፣ አጎቴ፣ ሞተር ገዝቶ ነበር። መሬት ላይ ተንበርክኮ መጠገን ግን ውርደት መሰለው። እናቴ እንሰት የምትፍቅበትን ሳንቃ ወሰደና ድንጋይ ላይ አጋድሞ ሞተሩን ሰቀለበት። ሲመልሰው ሳንቃው ቤንዚን ጠጥቷል።

«በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ!» አላት። እንሰቱ ተቆርጦ ስለነበር በዚያው ፋቀችበት።

ለመስቀል ቆጮው ከጉድጓድ ወጥቶ ሲጋገር ቤንዚን ቤንዚን አለ። ያ ጉረኛ እንግዶች ፊት ተፋውና፣ «የዚህች ሴት ሙያ ይኸው ነው» አለ። ልናገር ስል እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«ተይው፤ የተፋው የራሱን ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ያኔ በቅጡ አልገባኝም። እሷ ግን እስክትሞት ሙያ የሌላት ተባለች።

«እትዬ፣ ይሄን ሥራ ያስተማረኝ አባዬ ነው። እጁ ንጹሕ ነበር» አለኝ ልጁ፣ ጠረጴዛውን እየወለወለ።

ዛሬ ጭኔን የሚቆነጥጥ የለም። ስለ ሳንቃው ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።