ከፊት ለፊት በር የሚወጣ ነፋስ

በብራዚሏ የባሕር ዳር ከተማ ሬሲፌ፣ ሕንፃችን አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት፣ ስማቸውን የማላውቀው ሽማግሌ አንድ ችግር ነበረባቸው፤ አልጋ የያዙት ባለቤታቸው ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ መተንፈስ ያቅታቸዋል። ወደ ባሕር የሚያየው መስኮት ሁሌም ክፍት ነው። ነገር ግን ነፋስ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፣ መውጫ ካላገኘ አይገባም። መውጫው ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ ያሉት የፊት ለፊት ጎረቤታቸው የዶና ኢራሲ ቤት ባለ ቀዳዳ የብሎኬት ግድግዳ ነው፤ ነፋሱ እዚያ የሚደርሰው በራቸው ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ትናንት ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ተኩሰው ለበሱ፤ ነፋሱ ሲያልፍ ለማየት በራሳቸው በር ጉበን ላይ ቀይ ክር አንጠለጠሉና የዶና ኢራሲን በር አንኳኩ።

«በርዎን ክፍት ይተዉልኝ።»

«ልንታረቅ ነው?»

«ኧረ! ነፋስ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ነፋስማ ምን አደረገኝ» አሉ ዶና ኢራሲ፤ በሩን በጫማ ደግፈው ገቡ።

ክሩ ወደ ዶና ኢራሲ በር ተዘረጋ። ሕመምተኛዋን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አሁን ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይታረቁ ማመስገን የሚቻልበትን ዘዴ እየፈለጉ ነው።