ጠቋሚ የፈለገው ፊልም

ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ምላሷ እንደ ሥራዋ ስለሚወጋ ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ሱሪዬ ጠበበኝ ብሎ የመጣን ሰው፣ መስተካከል ያለበት ሱሪው ሳይሆን ሆዱ መሆኑን ሳትነግረው አትሸኘውም። እየተወጋ የሚስቅ ደንበኛ ግን ሞልቷት ነበር፤ ፊልሙ እስኪመጣ ድረስ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከሱቋ ማዶ ይኖር የነበረውን መምህር ወታደሮች በጠራራ ፀሐይ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። መርፌ ሰፋ ያለ ቀሚስ ልትሰፋላት ቤቷ ገብታ ስትለካት ነበርና ሴትዮዋ ስትወድቅ ደግፋ የያዘቻት እሷ ናት። የመንገዱ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ።

ኋላ ከዚያው ሰፈር የወጣ ደራሲ ታሪኩን በልብ ወለድ ጻፈው። በመጽሐፉ ውስጥ ጠቋሚ የለም፤ ጠቋሚም አላስፈለገም። ከላይ ያሉት የፈለጉትን ይወስዳሉ፣ ከታች ያለነው መስኮት እንዘጋለን፤ መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው። ሰፈሩ ብዙም አልወደደውም። መርፌ ግን ለመምህሩ ሚስት ጮክ ብላ አንብባላት ሁለቱም ተላቅሰዋል።

ደራሲው ከሞተ በኋላ ፊልም ሠሪዎች መጡ። ፊልም ደግሞ ጥፋተኛ ይወዳል፤ ያውም ፊቱ የሚታይ። ከላይ ያሉትን መንካት እንደማያዋጣ ያውቃሉ፣ ተመልካቹንም ማስቀየም አልፈለጉም። ስለዚህ ፊልሙ ለሁሉም ምሕረት አድርጎ ጥፋቱን አንዲት ልብስ ሰፊ ላይ ጣለው። የሱቋን ቀይ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ የመምህሩን ቤት በጣቷ ታሳያለች። ወታደሮቹ እንኳ እያዘኑ ነው የሚወስዱት። ሰፈሩ በሙሉ አዳራሽ ገብቶ አጨበጨበ። እንዴት አያጨበጭብ፣ ነጻ ወጥቶ የለ እንዴ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መርፌ የሰማችው ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ደንበኞቿ የሰጧትን ጨርቅ ሳይሰፋ መልሰው ይወስዱ ጀመር። ከዚያ የመምህሩ ልጅ፣ ያኔ በእናቱ ሆድ የነበረው፣ አሁን ትከሻው በር የሚሞላ ሰው፣ ፊልሙን ደጋግሞ አይቶ እሷ ሱቅ የምትዘጋበትን ሰዓት እየጠየቀ ነው አሏት። ፈራች። ከዚያ ቀን በፊት መፍራቷን ያየ የለም።

እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሰው አለች ብላ በማግስቱ ጠዋት የመምህሩ ሚስት ቤት ሄደች። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ደህና አደርክ ብትለው ቀና ብሎም አላያት።

«እታለም» አለች ወደ እናቱ ዞራ፣ «ያን ቀን የት እንደነበርኩ ለዚህ ልጅ ንገሪልኝ። እዚሁ ወለል ላይ ደግፌሽ ነበር እኮ።»

እናቱ ትክ ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ መርፌን ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

«አንቺማ ማዶ ነበርሽ» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀይ መጋረጃ ስትገልጪው በዓይኔ አይቼሻለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ረሳሁት?»

የመርፌ ሱቅ መጋረጃ ኖሮት አያውቅም። ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት ልጁ ተነሥቶ በሩን ቆለፈ።