የማሳው ዝምድና ወይስ የአውድማው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው ሥራቸውን ሲጠይቃቸው፣ ዶክተር ዘመናይ «ገብስ አነባለሁ» ይላሉ። ቀልድ ይመስላል፤ እውነታቸውን ነው። ባዮኢንፎርማቲክስ የሚሉት ትምህርት መምህር ናቸው። በአንዲት የገብስ ፍሬ ውስጥ አምስት ቢሊዮን ያህል የዘር ውርስ ፊደል ተጽፏል፤ ከሰው እንኳ ይበልጣል! ያን ሁሉ ኮምፒውተር እንዲያነበው ማዘዝ፣ የተነበበውን መጠራጠር፣ የቀረውን ለተማሪ ማስረዳት የእሳቸው ድርሻ ነው። ጧት ያስተምራሉ፤ ከሰዓት ፈተና ያርማሉ፤ መብራት ሲሄድ የተቋረጠውን ስሌት እንደገና ያስጀምራሉ።

ግንቦት ላይ የማስተርስ ተማሪያቸው ፀደንያ ላፕቶፗን አቅፋ እየሮጠች ቢሮ ገባች። ጉንደ ወይን አካባቢ ከሦስት ገበሬዎች የሰበሰበችው ገብስ ውጤት ደርሶላታል። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ አንዲት ፍሬ ናት፤ ቀለሟ የየትኛው ገበሬ እንደሆነች ይናገራል፤ የሚዛመዱ ፍሬዎች ይጠጋጋሉ። ሦስቱ ቀለሞች እንደ አበባ ሜዳ ተደበላልቀዋል።

«ዘር ይለዋወጣሉ ማለት ነው! ሦስቱም ማሳ አንድ ቤተሰብ ነው። በዚህማ ሐምሌ እመረቃለሁ፣ ዶክተር!»

ዶክተር ዘመናይ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። በጣም ያማረ ውጤት ያስፈራቸዋል።

«ፍሬውን ከየት ነው ያፈስሽው?»

«ከገበሬዎቹ ነዋ!»

«ከማሳ ነው ከአውድማ?»

«ከአውድማ። ተወቅቶ ሳለ ይቀላል ብዬ።»

«ከማን አውድማ?»

«የጋራቸው ነው» አለች ልጅቷ። ሦስቱ ጎረቤታሞች በደቦ ነው የሚወቁት፤ አውድማቸው አንድ ነው። የአንዱ እህል ከተነሣ በኋላ ቢጠረግም፣ በሬ የረገጠው ፍሬ በእበት በተለቀለቀው መሬት ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል፤ ከተከታዩ እህል ጋር ይታፈሳል።

«ታዲያ ዝምድናው የማሳው ይሁን የአውድማው በምን እናውቃለን?»

«ማን ይጠይቀኛል፣ ዶክተር? ፈታኞቹ አውድማ ረግጠው አያውቁም!»

«እኔ ጠየቅሁሽ እኮ፣ የኔ እናት።»

ፀደንያ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ገብሱ የሚደርሰው ኅዳር ነው። ከየማሳው ዛላ እየቀነጠሱ እንደገና መጀመር ማለት ምርቃቱ ለዘንድሮ ቀረ ማለት ነው።

«‹ከገበሬ ይሰብሰብ› የሚለውን ዕቅድ የፈረምሁት እኔ ነኝ» አሉ ዶክተር ዘመናይ። «‹ከማሳ› ማለት ነበረብኝ። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ራሴ እነግራለሁ።»

«ለአባቴስ?»

«ደውይና አገናኝኝ።»

አባቷ አቶ የሺዋስ የሚኖሩት ደምበጫ ነው። የመምህሯን ድምፅ ገና ሲሰሙ ደነገጡ።

«ልጄ ወደቀች እንዴ?»

«አልወደቀችም፣ ጋሼ። የሰጠኋት መመሪያ ጎዶሎ ነበር። ምርቃቷ ግን ለከርሞ ይሻገራል።»



«ድንኳን ተነጋግሬ ነበር። ሰውም ጠርቻለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ኧረ እርስዎ ምን ያድርጉ! እንግዲህ ለድግሱ ያሰባሁት ሙክት ደስ ይበለው፤ አንድ ዓመት ተጨመረለት።»

ዶክተር ዘመናይ ሳቁ። ፀደንያ አልሳቀችም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ከሥዕሉ በላይ ያለውን «አንድ ቤተሰብ» የሚል ርዕስ አጠፋችና፣ ቀስ ብላ «ከአንድ አውድማ የታፈሰ» ብላ ጻፈች።