«ዝም በሉ፣ ትናገር»

አጎቴ ከሶዶ ወደ ተበላ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምሩ፣ ጋቢና ያለነውን ሁሉ «ዝም በሉ፣ ትናገር» ይሉን ነበር። የምትናገረው አሮጌዋ የጭነት መኪናቸው ናት፤ የሞተሯንና የፍሬኗን ጤና የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። ሬዲዮዋ ከተበላሸ ዓመታት ቢያልፉም አላስቀየሩትም።

ሆስፒታል ሲተኙ ግን እኔ ብልጡ፣ ላስደስታቸው ብዬ ዳሽቦርዷን አስቆርጬ ትልቅ ዘመናዊ ቴፕ አስገጠምኩባት። ሲመለሱ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱና «እንግዲህ ማን ሊሰማት ነው፣ ልጄ?» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ዳግመኛ አልነዷትም፤ በወሩ ቀበርናቸው።

ትናንት ጭነት ይዤ ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩ። ቴፑን አጥፍቼ አዳመጥኩ። ከፍሬኑ በኩል የማላውቀው ድምፅ ይመጣል።

ምን እያለችኝ ነው፣ አጎቴ?