ቧንቧውን የሚዘጋው ሰው

አዲሱ መሪ የመጀመሪያ ንግግራቸውን ሲያደርጉ አገር ምድሩ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ነበር። አባ ጠብታ ግን የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሥር ተጋድሞ ያረጀ ጎማ ይቀይራል። «በመቶ ቀን ውስጥ፣ ከእያንዳንዱ ቤት ቧንቧ፣ ቀን ከሌት ውሃ ይወርዳል!» የሚል ድምፅ ከሳሎን ሲመጣ ደንግጦ ቀና አለና አናቱን ከዕቃ ማጠቢያው ጋር አጋጨው።

«ሰማህ? መቶ ቀን አሉ!» አለች ሚስቱ።

«ሰማሁ» አለ አናቱን እያሸ። «አናቴም ሰምቷል።»

«ደግሞ ውሃ ለሌለው ቧንቧ ጎማ ምን ያደርግለታል?»

«የመጣ ቀን እንዳያንጠባጥብ።»

አባ ጠብታ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ከሙያ ትምህርት ቤት ከወጣ ጀምሮ የሚንጠባጠብ ነገር ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም። ኪሱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ጎማና አንድ ጥቅል ነጭ ቴፕ አይጠፋም። ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ የሟችን ቤት ቧንቧ አጥብቆ ይመለሳል። የሚስቱ እህት ሠርግ ላይማ ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሡ እሱ በሙሉ ሱፍ መፍቻ ጨብጦ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ አብሮ ተነሥቷል፤ ፎቶው እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አለ።

ሥራው ግን ጠብታ ማጥበቅ ብቻ አልነበረም። ከታች ሰፈር በላይ፣ መንገዱ ወደ ኮረብታው መውጣት ሲጀምር፣ የብረት ክዳን ያለው ጉድጓድ አለ። ሰባት ደረጃ ሲወርዱ አራት ቫልቮች ተደርድረዋል። አንደኛው ወደ ኮረብታው ነው፤ የመሪው መኖሪያና ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች ወዳሉበት። ሁለተኛው ወደ ቆዳ ፋብሪካው፣ ሦስተኛው ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል። አራተኛው ወደ ታች ሰፈር፣ ማለትም ወደ ራሱ ወደ አባ ጠብታ ቤት ነው። ከምንጩ የሚመጣው ቧንቧ አንድ ሲሆን የሚያመጣው ውሃም ቢበዛ ለሁለት መስመር ተኩል ቢበቃ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በየቀኑ ወርዶ ለማን እንደሚደርስ በእጁ መወሰን አለበት። ሆስፒታሉ አይነካም። ኮረብታውም አይነካም፣ እሱ እንኳ በሌላ ምክንያት ነው። ፋብሪካው ውሃ ካጣ ሚኒስትር ይደውላል። ታች ሰፈር ሲያጣ የሚደውል የለም። እናም አባ ጠብታ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራተኛውን ከፍቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መልሶ አሥራ አራት ዙር ይዘጋዋል። ከዚያ እጁን ጠራርጎ ቁርሱን ሊበላ ቤቱ ይሄዳል።

ሚስቱ እጇ ሳሙና እንደሆነ፣ ውሃው ቀጥ ባለው ቧንቧ ፊት ቆማ ትጠብቀዋለች።

«ይህን ውሃ የሚዘጋ ሰው» ትላለች ወደ ጣሪያው እያየች፣ «እጁ ይዛል!»

«አሜን» ይላል አባ ጠብታ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

ምን ያድርግ? ዝም ቢል ታስተውላለች። እሷ የምታውቀው ባሏ ማለዳ ወጥቶ የፈነዳ መስመር እንደሚጠግን ነው። የሚዘጋውን ስትጠይቀው «ከላይ ነው» ብሏት ነበር፤ ሐሰትም አይደለም፣ ጉድጓዱ ከቤታቸው በላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሄደ። እጁን፣ ክንዱን፣ ወገቡን በየተራ ረገመች፤ እሱም በየተራ አሜን አለ። አምና ቀኝ ትከሻውን ሲይዘው ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» አለው። ሙያተኛ ነውና በእርግማን አያምንም። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ ቫልቩን በግራ እጁ ይዘጋ ጀመር፤ ለጥንቃቄ። አለቃውን አይፈራም፣ ሚኒስትር አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ሴት ያወቀች ቀን።

ያ ቀን መሪው ሥልጣን በያዙ በስድሳኛው ቀን መጣ።

አዲሱ መሪ የሒሳብ መምህር ነበሩ። የውሃ ሽፋኑ ዘጠና አራት በመቶ ደርሷል የሚል ሪፖርት ቀረበላቸው። ከሪፖርቱ ሥር ደግሞ የታች ሰፈር ሰዎች የፈረሙት አቤቱታ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አዩና «ቧንቧው ካለበት ውሰዱኝ» አሉ።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ አለቃ ይህን በሰማ በሰዓቱ ቀለም አስገዛ። ጉድጓዱ ነጭ፣ ቫልቮቹ አረንጓዴ ተቀቡ። «ከተጠየቅህ ሁሉ ነገር በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው ትላለህ» አለው አባ ጠብታን። «ካልተጠየቅህ ደግሞ የለህም።»

መሪው ከሦስት ሚኒስትሮችና ከሁለት ካሜራ ጋር ደረሱ። የጉድጓዱ ክዳን ሰፈርተኛው በጋራ ከሚቀዳበት ቦኖ አሥር እርምጃ ላይ ነው፤ ቦኖው ላይ ደግሞ የታች ሰፈር ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ሁሉን እያዩ ነበር። ከሰልፉ ፊት ማን እንዳለች አባ ጠብታ ሳያይ አወቀ።

መሪው ሚኒስትሮቹንና አባ ጠብታን አስከትለው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ፣ ድምፃቸው ግን ወደ ላይ ያስተጋባል። «የታች ሰፈር የቱ ነው?»

«አራተኛው ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«ተዘግቷል። ማን ነው የሚዘጋው?»

«ቴክኒካዊ ሂደት ነው» አለ አለቃው ከደረጃው ላይ።

«ሂደት እጅ የለውም። ማን ነው?»

አባ ጠብታ ወደ ላይ ተመለከተ። በክዳኑ ቀዳዳ የሰማይ ቁራጭ ታየዋለች፤ በሰማዩ ውስጥ የሚስቱ ፊት አለ። ለመዋሸት አፉን ከፈተና የሚንጠባጠብ ነገር የሰማ ያህል አላስችለው አለ።

«እኔ ነኝ፣ ክቡርነትዎ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«አንተ?!» አለ የሰማዩ ቁራጭ።

ጠባቂዎቹ ሊመልሷት ቢሞክሩም በጀሪካኗ ገለል አድርጋቸው ቀዳዳው አፍ ላይ ተንበረከከች። «አንተ ሰውዬ! በየማለዳው ስረግም አሜን ትል አልነበረም?»

«ታዲያ እምቢ ልበልሽ?»

ቦኖው ሳቀ። ካሜራ ያዡም ሳቀ። ሚስቱ ግን ድንገት ድምፅዋ ወረደ። «ትከሻህ… በእኔ ነው እንዴ?»

«ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሏል።»

«ሐኪም ምን ያውቃል!»

መሪው ጣልቃ ገቡ። «እመቤት፣ ዛሬ ይስተካከላል።» ይህን ብለው አራተኛውን ቫልቭ ራሳቸው ጨበጡ።

«ክቡርነትዎ፣ አራቱም ከተከፈተ…»

«ቃል ገብቻለሁ» አሉና አሥራ አራቱን ዙር አዞሩ። ቦኖው አጉረመረመ፣ አሳለ፣ ከዚያ ውሃው ገንፍሎ ወጣ። እልልታው ቀለጠ። መሪው ለካሜራው እጃቸውን ሲያነሡ መዳፋቸው አረንጓዴ ነበር፤ ቀለሙ አልደረቀም።

እልልታው ሳያልቅ የመጀመሪያው ስልክ ጮኸ። የንግድ ሚኒስትሩ አዳመጡና ፊታቸው ተለወጠ። «ፋብሪካው ቆሟል። ቆዳው በኬሚካል ውስጥ እንዳለ ነው። ዛሬ ካልታጠበ ለውጭ የሚላከው ሁሉ ይበላሻል። ዶላራችን ያ ነው።» ሁለተኛው ለጤና ሚኒስትሯ ነበር፤ የሆስፒታሉ ላይኛ ፎቅ ውሃ አጥቷል። ሦስተኛው የመሪው የራሳቸው ስልክ ነው። ባለቤታቸው ናቸው። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ሰማ፦

«ራሴ ሙሉ ሳሙና ነው! ውሃውን የዘጋው ማን ነው?»

መሪው ስልካቸውን አጠፉና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ያስረዱኝ» አሉ።

አባ ጠብታ ልክ ለጀማሪ ሠራተኛ እንደሚያስረዳ አስረዳቸው። የሚመጣው ለሁለት ተኩል፣ የሚጠጣው አራት። ከምንጩ ከሚነሣው ውሃ ሲሶው መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ሠላሳ አንድ ቦታ። ይህን በየዓመቱ ጽፏል፣ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ።

«በሂደት ላይ ናቸው» አለ አለቃው።

«ለምን አልተቀየረም ታዲያ?» አሉ መሪው ወደ አባ ጠብታ ዞረው።

«ቧንቧው በዶላር ነው የሚገዛው።»

«ዶላሩስ?»

«በቆዳ።»

«ቆዳውስ?»

«በውሃ።»

መሪው አረንጓዴ መዳፋቸውን አዩት። «ይህን ጥያቄ ለተማሪ ሰጥቼ ቢሆን ወላጅ ይመጣብኝ ነበር» አሉ።

«ግን ከሠላሳ አንዱ አሥራ ሁለቱ ጎማና ማጥበቂያ ብቻ ነው የሚፈልጉት» አለ አባ ጠብታ፣ እጁ ሳያስበው ኪሱ ገብቶ። «ጎማው መጋዘን አለ። ሥራው ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይም፣ ሪባንም አይቆረጥለትም፤ ለዚህ ነው የቆየው። ደግሞ ከመቶ ቀን ጋር አይገናኝም። ሌላውን ጨምሮ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን አንዱ መስመር ተዘግቶ ይዋል።»

«ማን ይዘጋ?»

አባ ጠብታ ወደ አንደኛው ቫልቭ ተመለከተ። አለቃው ከኋላ ቆነጠጠው።

«ኮረብታውን ማለትዎ ነው።»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ ክቡርነትዎ። አይቼ ነው እንጂ።»

ሚኒስትሮቹ ጫማቸውን ይመረምራሉ። ኮረብታው ላይ የሚኖሩት እነሱ ናቸው። በመጨረሻ መሪው «ይዝጉት» አሉ። «ማክሰኞና ዓርብ። ተራው ደግሞ በወረቀት ተጽፎ ቦኖው ላይ ይለጠፍ፣ የሚዘጋው ሰው ስም ሳይኖርበት።»

«ሁሉም አውቆታል እኮ» አለ የሰማዩ ቁራጭ።

በዚያው ሳምንት መሪው ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው መቶ ቀኑ ሁለት ዓመት ሆኗል አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ጋዜጣ ላይ አረንጓዴ እጅ ሳሉባቸው፣ ኮረብታው ላይም ፊት የነሷቸው ሚኒስትሮች በዙ። አባ ጠብታ ግን አሥራ ሁለቱን ቀዳዳ በአምስት ሳምንት ደፍኖ ለታች ሰፈር በቀን ሦስት ሰዓት ጨመረ።

ሚስቱ ለሦስት ቀን አላነጋገረችውም። በአራተኛው ማለዳ እንደ ልማዱ ዘግቶ ሲገባ ቧንቧው ፊት ቆማለች፣ እጇ ሳሙና ነው። ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች። «ይህን የሚዘጋ ሰው እጁ…» ብላ ጀመረችና ዞር ብላ አየችው። ወደ ዳቦው የዘረጋው ቀኝ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እጁ ምን?» አለ።

«…ይታጠብ። ቁርስ ቀርቧል።» ባልዲ ውስጥ ያስቀረችውን ውሃ አፈሰሰችለት።

የኮረብታው አትክልተኛ ለአባ ጠብታ የነገረው ደግሞ ይህን ነው። ማክሰኞ ማለዳ ቧንቧው ቀጥ ሲል የመሪው ባለቤት ከመታጠቢያ ቤት ብቅ ይሉና «ይህን ያስዘጋ ሰው እጁ ይሰበር!» ይላሉ።

መሪው ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ይሸፍናሉ።

«አሜን» ይላሉ።