ያልጠፋው የበቅሎ ተራ

አቶ ፈንታሁን በማኅበራችን ጉባኤ ላይ «ይታይሽ መዝገቡን አጥፍታዋለች» ብሎ ስሜን ያነሳው ካቻምና ጥቅምት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አንቱ ይለኝ የነበረ ሰው በዚያ ቀን አንቺ አለኝ። አልረሳሁትም፤ ልረሳውም አልፈልግም።

በደባርቅ የአንድ የበቅሎ ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የጎብኚ እንግዶች ጓዝ ወደ ተራራው የሚጫነው በተራ ነው። ተራው በመዝገቡ ቁጥር ይሄዳል፤ ዙሩ ሲያልቅ ከአንድ ይጀመራል። መዝገቡን ለዓመታት የጻፍኩት በአሮጌው ኮምፒውተር፣ በዱሮው የአማርኛ ፕሮግራም ነበር።

አሮጌው ሊሞት ሲል ከጎንደር የመጣ ባለሙያ ውስጡን እንዳለ ወደ አዲሱ አዛወረልን። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ማለት ነው። በሁለቱ መካከልም የጋራ ፎልደር አበጀልን። ከውስጥ ያስቀመጡትን ከውጭ ያገኙታል፤ በሁለት ክፍል መካከል እንዳለ መስኮት ነው።

በዚያ ጥቅምት ዝርዝሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮቱ አውጥቼ በአዲሱ ላይ ብከፍተው የሰው ስም የለም። የፈረንጅ ፊደልና ነጥብ ተደበላልቆ ወጣ። ደነገጥኩ። አቶ ፈንታሁን፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር።

በዚያው ቀን ጉባኤ ጠርቶ፣ ውስጡን መልሼ ሳላየው የቢሮውን ቁልፍ ተቀብሎኝ የኮርቻና የድንኳን ዕቃ ቤት ጠባቂ አደረገኝ። ከዚያ «ከማስታውሰው» ብሎ አዲስ ዝርዝር ጻፈ። የእሱ በቅሎ ሦስተኛ ሆነች። የአምባራስ መንደሯ ባልቴት ዝማም ግን ጨርሶ የለችበትም። መተዳደሪያዋ አንዲት በቅሎ ናት።

ዘንድሮ ግንቦት ዝማም ሽማግሌዎች ይዛ ቢሮ መጣች። እኔንም ከዕቃ ቤት አስጠሩኝ።

«ሟቹ ባለቤቴ ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። በቅሎዬን ለመሸጥ ገበያ አውጥቻታለሁ፤ ስሜ ከሌለ ምን ላድርጋት?» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ሞገስ «የቀድሞው መዝገብ ይታይ» አሉ።

አቶ ፈንታሁን ሳቀ። «አባታችን፣ ያጠፋችው እሷው ናት። ትክፈተውና ጉዷን ይዩት!»

ተቀመጥኩ። በአዲሱ ውስጥ ያለውን አሮጌውን ኮምፒውተር ከፍቼ ዝርዝሩን እዚያው ውስጥ አወጣሁት። ጥርት ብሎ ታየ። ሽማግሌዎቹ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ማኅተም የሚመታው ስክሪን ላይ ነው እንዴ? በወረቀት አውጪው!» አለ አቶ ፈንታሁን።

አሮጌው ፕሪንተሩን አያውቀውም። ስለዚህ ዝርዝሩን በጋራው ፎልደር አሻግሬ በአዲሱ ላይ ከፈትኩት። ያው የፈረንጅ ፊደል።

«አዩ አባታችን? ስትነካው ይበላሻል።»

ዝማም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች። ግን ከውስጥ ደህና ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም ማለት ነው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ያኔ አሮጌውን የሸጠልን ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ የአማርኛውን ፊደል ከዲስኬት ሲጭን ትዝ አለኝ። በአዲሱ ላይ ማንም አልጫነውም። ጽሑፉ ተሻግሯል፤ ፊደሉ ውስጥ ቀርቷል።

ተመልሼ ገባሁ። ፎንት የሚሉትን የፊደሉን ፋይል ፈልጌ ወደ ጋራው ፎልደር ገለበጥኩት። ከውጭ ወስጄ በአዲሱ ላይ ጫንኩት።

«ደግሞ ምን ትነካካለች?»

«ዝም በል፣ ልጄ» አሉት ቄሱ።

ዝርዝሩን እንደገና ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች አማርኛ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ «ተራ ቁጥር ሰባት፣ ወይዘሮ ዝማም፣ አምባራስ!»

ዝማም እልልታዋን ስታቀልጠው በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሳይቀር ቆመ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን አወጣ። ቄስ ሞገስ ተቀብለው ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ቁልቁል አወረዱ፤ ብዙ ወረዱ።

«ፈንታሁን፣ አንተ ሰማንያ ሦስተኛ ነህ» አሉ።

«እትዬ ይታይሽ፣ እኔ እኮ ኮምፒውተሩ አሳስቶኝ… እርስዎም ቢሆኑ ያኔ ደንግጠው ነበር» አለኝ። አንቱታው ተመለሰ።

ይቅር በይው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ያን ቀን ሳስበው እስካሁን ደስ ይለኛል።

ያንኑ ዕለት፣ ወስዶብኝ የነበረውን የቢሮውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ማኅተም የተመታበትን ዝርዝር በሩ ላይ ለጠፍኩ። በሳምንቱ አቶ ፈንታሁን ተራው ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ መጣ። ወንበር ሰጠሁትና ሰማንያ ሁለተኛው እስኪጭን እንዲጠብቅ ነገርኩት።