ቴረል ከእራት የሸሸበት ሳምንት

ቴረል ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሦስት ሳንቲም ነው። እንዲህ ያለ ሰው አራት ሺህ ሰው በሚኖርባት ከተማ መደበቅ አይችልም። እሱ ግን አምስት ቀን ሙሉ ሞከረ። የተደበቀውም ከግሌኒስ ነው።

ግሌኒስ በታዝማንያ ደሴት ሰሜን ጠረፍ፣ በሮክሊ ቤይ፣ ዳቦ ቤት ያላት የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። የከተማው ቅርጫት ኳስ ክለብ ሊቀ መንበርም እሷው ናት። ሰኞ ጠዋት ለቴረል በስልኩ መልእክት ላከችለት። ረቡዕ ማታ እኛ ቤት እራት ብላ፣ ዮላንዳንም ይዘሃት ና፣ የምነግርህ ነገር አለ ይላል። ከዚያ ሌላ ምንም የለውም።

ቴረል አነበበውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስልኩን ለሚስቱ ለዮላንዳ ሰጣት።

«ታዲያ እራት ነው» አለች።

«እራትማ አውቀዋለሁ» አላት።

እውነቱን ነው። ከአገሩ ከአርካንሶ ከወጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ በዘጠኝ አገር፣ በአሥራ ሦስት ክለብ ተጫውቷል። በአገሩ ትልቁ ሊግ አንድ ቀን እንኳ አልተሰለፈም፣ ስሙንም የሚያውቀው የለም። ኑሮው እንዲህ ነው፦ ቤት ይሰጡታል፣ መኪና ይሰጡታል፣ ኳስ ያገባል። ማግባት ሲያቅተው ይሸኙታል። ሲሸኙት ደግሞ አብልተው ነው። ፊንላንድ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ የዓሣ ሾርባ አቀረበለትና ሳህኑ ሳይነሳ የአውሮፕላን ትኬት ከኪሱ አወጣ። ሊባኖስ ውስጥ ሙሉ በግ ፊቱ አስቀምጠው፣ ብላ ብላ እያሉ ካጎረሱት በኋላ አንደኛው እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ሜክሲኮዎቹማ እስኪያላምጥ እንኳ አልጠበቁትም።

ከዚያ ወዲህ ቴረል ከክለብ አለቃ ጋር ማዕድ አይቀርብም። ፊት ለፊት ካልነገሩህ ገና አልተባረርክም ብሎ ያምናል። ሞኝነት መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። ግን አንድ ጊዜ ግሪክ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ከአለቃው ሲደበቅ ሰንብቶ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌላው ተጫዋች እግሩ ተሰበረና ቴረል ሳይባረር ቀረ። እንግዲህ ይህ የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ።

አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚያዝያ ላይ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ፣ እብጠቱ እስከ ዛሬም አልጎደለም። ክለቡ ከውጭ አገር ማሰለፍ የሚፈቀድለት ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ አንዱ ቴረል ነው። ያንን ቦታ ካጣ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮት ይሄዳል። ዱሮ ቢሆን ግድ የለውም፣ ሻንጣውን ያነሳል። እዚህ ግን አራት ዓመት ኖሩ። ዮላንዳ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ እሷ ያላጎረሰቻቸው ቀን ምሳ አንበላም የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ባለፈው ወር ደግሞ ሶፋ ገዛች። ከተጋቡ ጀምሮ የራሳቸው የሆነ ሶፋ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እኔ ከዚህ አልነሳም» አለችው ያን ሰኞ፣ መልእክቱን እንዳነበበች። «አንተን ካባረሩህ አንተ ትሄዳለህ፣ እኔና ሶፋው እንቀራለን።»

ስትለው ስቃ ነበር። ከዚያ ወደ ማድቤት ገብታ ብዙ ቆየች።

ስለዚህ ቴረል ለግሌኒስ ሆዴን አሞኛል ብሎ መለሰላት። እሷም ረቡዕ ማታ ሾርባ ይዛ በሩን አንኳኳች። ቴረል ሮጦ መታጠቢያ ቤት ገባ። ቢቆም በመስኮቱ ይታያል፣ ስለዚህ ባዶው ገንዳ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ተጋደመ። ዮላንዳ ውሸት አይሆንላትም። በሩ ላይ ቆማ፣ ተጋድሟል፣ አለች። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም። ግሌኒስ ሾርባውን ሰጥታት፣ ሲነሳ ይደውልልኝ፣ አስቸኳይ ነው ብላ ሄደች።

አስቸኳይ ሲባል ቴረል ይብስ ፈራ። ያን ሌሊትም እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ሐሙስ ልምምድ ሲያልቅ ግሌኒስ በዋናው በር ቆማ ስትጠብቅ አያት። በኋላ በር፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ መሃል ሹልክ ብሎ ወጣ። እዚያ ሲጋራ ሲያጨስ የነበረው ዳሚየን አገኘው። ዳሚየን የቡድኑ ተከላካይ ነው፣ ቀን ቀን ኤሌክትሪክ ይዘረጋል።

«ምን ሰርቀሃት ነው?» አለው። «ዳቦ ነው?»

«ዝም በል አንተ።»

«ኧረ ሴትዮዋ ሰማያዊ ማኅደር ይዛ ከተማውን ስትዞር ነው የዋለችው። ወረቀት አለበት። እስከ ነገ ካልፈረመ አለቀለት አለች።»

ወረቀት። ቴረል የማሰናበቻ ወረቀት ስንት ጊዜ ፈርሟል። እንግዲያው አልፈርምም አለ በልቡ። ነገ ካለፈ ቅዳሜ ጨዋታ ነው፣ ቅዳሜን ከተጫወተ ደግሞ ማን ያውቃል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ጉልበቱን ሊነክር ባሕር ወረደ። የሰኔ ባሕር በረዶ ነው። እስከ ወገቡ ገብቶ ጥርሱን ነክሶ እየቆጠረ ሳለ የዳቦ መኪናዋ መጥታ ቆመች። ግሌኒስ ወረደች፣ አሸዋው ላይ ያስቀመጠውን ፎጣ አየች፣ ሄዳ ላዩ ላይ ቆመችበት።

«ውጣ» አለችው።

«አምስት ደቂቃ ይቀረኛል፣ ሚስ ግሌኒስ።»

«እጠብቃለሁ።»

ቴረል ሁለት እርምጃ ወደ ጥልቁ ሄደ። ውኃው ደረቱ ደረሰ። ግሌኒስ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቀለለች፣ ማኅደሩን በራሷ ላይ አድርጋ ውኃው ውስጥ ገባች።

«ይመለሱ እባክዎ፣ ይታመማሉ!»

«የምታሳምመኝስ አንተ አይደለህ? አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።»

ማዕበሉ መጥቶ ወገቧን መታት፣ ተንገዳገደች። ቴረል ከዚህ ወዲያ መቆም አልቻለም፣ ሄዶ ክንዷን ያዛት። በቃ፣ አለቀ አለ በልቡ።

«እሺ ይንገሩኝ። መቼ ነው የምሄደው?»

«የት ነው የምትሄደው?» አለች ግሌኒስ። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

ከዚያ እዚያው ውኃው ውስጥ ቆማ ነገረችው። የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ በገጠር ላሉ ክለቦች ለልጆችና ለሴቶች ቡድን አንድ ቋሚ አሠልጣኝ ይቀጥራል። የሦስት ዓመት ሥራ ነው፣ ደመወዙን ፌዴሬሽኑ ይከፍላል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም በዚያው ይቀጥላል። እሁድ ዕለት ኮሚቴው ተሰብስቦ ለቴረል እጁን አውጥቷል፣ ዘጠኙም፣ በምንም ነገር ተስማምቶ የማያውቀው ሥጋ ሻጩ ሳይቀር። የእሱን የተጫዋችነት ቦታ ደግሞ ጉልበቱ ለሚችል ልጅ ይሰጣሉ። የቀረው የቴረል ፊርማ ብቻ ነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ቦታው ለሌላ ከተማ ይሰጣል።

ቴረል ማኅደሩን አየ።

«ታዲያ በስልክ አይነግሩኝም ነበር?»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል እንዴ? በግ ጠብሼልህ ነበር እኮ። ሦስት ቀን ሙሉ እኔና ባሌ ስንበላው ከረምን።»

ከማኅደሩ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችውና ጀርባዋን አዞረችለት። ቴረል ወረቀቱን ጀርባዋ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ፊርማው ዶሮ የጫረችው መሰለ። ተደጋግፈው ወደ አሸዋው ወጡ። ግሌኒስ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችው። ኔትወርኩ እዚያ ደካማ ነው፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ስልኩን ያያሉ።

«ገባ» አለች።

ቴረል አሸዋው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እፎይ አለ፣ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ፣ ከሆዱ። ከዚያ ነው ለምን እንደሸሸ የነገራት፣ የፊንላንዱን ሾርባ፣ የሊባኖሱን በግ፣ ሁሉንም። ትስቃለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ክፉዎች» አለች። «ሰው አብልቶ ያባርራል?»

መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችለት። ቴረል ለዮላንዳ ደወለ። ነገራት። ከዚያ ስልኩን እንደያዘች ለአረጋውያኑ ስትነግራቸው ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ የብዙ ሽማግሌ እጅ ቀስ ብሎ ሲያጨበጭብ ሰማ።

ግሌኒስ እየነዳች፣ ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ አሥራ ስድስት ሴት ልጆች ይጠብቁሃል፣ እንዳታረፍድ አለችው። ዞር ብላ ብታይ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሞተሩን አላጠፋችም፣ ሙቀቱ እንዳይሄድበት። ካፖርቷን አለበሰችው፤ ከአንገቱ ጀምራ ሆዱ ድረስ ብቻ በቃው። በእግሯ ጣት እየረገጠች ሱቋን ልትዘጋ ገባች። ሰዎች እያለፉ በመኪናው መስታወት አዩት። አንድም የቀሰቀሰው የለም።